ቮልሶቻችን በከዚራ፦ አሮጌ መኪና ለፊልም ያዋስንበት የኅዳር ጉዞ

ከመነሳታችን በፊት

የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ክለባችን አባላት መኪኖቻቸውን ለፊልም፣ ለሙዚቃ ክሊፕና ለማስታወቂያ ቀረጻ ማዋስ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሥራው ግን ሁልጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ጠዋት መኪናውን አጥቦ መሄድ፣ አንድ ግንብ ሥር አቁሞ መዋል፣ ማታ ይዞ መመለስ ነው። የዘንድሮው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ሆኖ መጣ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆን ታሪክ የሚቀርጹ ሰዎች፣ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ የዚያን ዘመን መንገድ ከተማው ውስጥ እንደ ልብ ማግኘት አልቻሉም፤ ስለዚህ ከዚራ የሚባለውን የድሬዳዋ አሮጌ ሰፈር አዲስ አበባ ለማስመሰል ወስነው፣ መኪኖቻችንን እዚያ ድረስ እንድናደርስላቸው ጠየቁን። በጭነት መኪና ለመላክም ዋጋ ተጠይቆ ነበር። ሆኖም ተጭኖ የሚሄድ አሮጌ መኪና የሚታሰርበት ሰንሰለት የሚያደርስበትን ጉዳት ከዚህ ቀደም ስላየንና ቮልስ የተሠራው ሊነዳ ነው ብለን ስለምናምን፣ እየነዳን ለመሄድ ተስማማን።

ውሉን ለመፈራረም ከአዘጋጆቹ ጋር የተቀመጥንበት ስብሰባ ረጅም ነበር። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኪናችን በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ በራሱ በመኪናው ላይ ለሚደርሰው ስለማይከፍል፣ በቀረጻ ቦታ ለሚደርስ ጉዳት አዘጋጆቹ ኃላፊነት እንደሚወስዱ በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠየቅን። መሪውን ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይዝ፣ የመኪናው አካል እንዳይበሳ፣ ነዳጅና አልጋ በእነሱ እንዲሆን፣ ለእያንዳንዱ መኪና በቀን 4,000 ብር እንዲከፈልም ተስማማን። ክፍያው ለሰርግ ስናከራይ ከምናገኘው በእጅጉ ያንሳል። ብዙዎቻችን የሄድነው ግን ሌላ ምክንያት ኖሮን ነው፤ ልጆቻችን ያልደረሱበትን ዘመን በፊልም ሲያዩ፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈው መኪና በእርግጥ በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ያለፈው ዓይነት እንዲሆን እንፈልጋለን።

ከሁሉ በላይ ያነጋገረን ጉዳይ የመጣው ከስክሪፕቱ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት «1955 ዓ.ም.» ይላል። የክለባችን አንጋፋ የሆኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «በ1955 እኮ የምንነዳው በግራ ነበር» አሉ። አገራችን የመንገዱን ግራ ትታ ቀኙን የያዘችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ጋሼም ያን ጊዜ ጎረምሳ ስለነበሩ አሽከርካሪዎች በአዲሱ ወገን ለመልመድ የተቸገሩትን ያስታውሳሉ። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፤ ነገሩን ግን አላቃለለውም። የትራፊኩን እንቅስቃሴ በሙሉ በግራ ማድረግ መሪያቸው በግራ ለሆነ መኪኖቻችንም፣ ለነዋሪው ደኅንነትም አስቸጋሪ መሆኑን ካመዛዘነ በኋላ ታሪኩን ወደ 1958 ዓ.ም. አሻገረው። ከዚያ ዓመት በኋላ የተሠራ መኪና ያላቸው አባሎቻችን በዚህ ምክንያት ሳይሄዱ ቀሩ፤ እነሱም ትክክል ነው ብለው ተቀበሉት።

የሄድነው አራት ቮልስ፣ አንድ ፊያት 1100 እና መለዋወጫ የጫነች ፒክአፕ ነን። የጋሼ ቮልስ የ1951 ናት፤ የነዳጅ መለኪያ የላትም፣ ፍሬቻዋም መብራት ብቻ ሳይሆን በሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ወደ ውጭ ብቅ የሚል ክንድ ነው። የእኔ የ1957 ሥሪት፣ 1200 ሞተር፣ ኤሌክትሪኳም 6 ቮልት ነው። የሟች አባቷን ቮልስ የወረሰች እህታችን፣ የፊያቱ ባለቤትና መካኒካችንም አብረውን ነበሩ።

ኅዳር 12፣ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ

ሳይነጋ ተነስተን የፍጥነት መንገዱን በቀኙ መስመር ይዘን፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳናልፍ አዳማ ገባን። እንደ አዲስ አበባው ቀለበት መንገድ ሚኒባስ ከጎን እየገባ አያስጨንቅም፤ ለአሮጌ ፍሬን ከዚህ የተሻለ መንገድ አገራችን ውስጥ አላውቅም። አዳማ ቁርስ በላን፤ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ፍርፍር 280 ብር ነበር። እኛ ስንበላ መካኒካችን የቮልሶቹን ካቡራቶር፣ ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚደባለቅበትን ክፍል፣ አንድ በአንድ ከፈተ። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ መኪኖቻችን አነስተኛ ቤንዚን እንዲያሳልፉ ተደርገው የተስተካከሉ ናቸው፤ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይግላል። መካኒካችን ቤንዚኑ የሚያልፍበትን፣ ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ዓይን የቀጠነ የነሐስ ቁራጭ አውጥቶ ቀዳዳው ሰፋ ባለ ሌላ ለወጠው። ይህን ያደረገው አንድም ቮልስ ሳይቸገር ገና ጠዋት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ስንቃረብ፣ የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ጋር ተያይዞ በሚታይበት አካባቢ፣ በእኔ መኪና ክሩስኮት ላይ ቀይዋ መብራት በራች። በቮልስ ይህች መብራት የባትሪን ጉዳይ ብቻ አትናገርም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ዲናሞ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለሚዞር፣ ሁለቱን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከተበጠሰ ንፋሱም አብሮ ይቆማል፤ ራዲያተርና ውኃ የሌለው ሞተር ደግሞ ያለ ንፋስ ብዙ አይቆይም። ወዲያው ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ዳር ወጣሁ። ከኋላ ኮፈኑን ስከፍት ቺንጋው ተተልትሎ ወድቋል።

ይህን ሥራ ላላየ ሰው ማስረዳት ያስደስተኛል። የዲናሞው ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ከሁለት ግማሽ የተሠራ ነው፤ በመሃላቸው ሮንዴላዎች፣ ቀዳዳ ያላቸው ቀጫጭን ክብ ብረቶች፣ ተደርድረዋል። መካኒካችን ፑሌጃው እንዳይዞር ካቻቢቴ በጠርዙ ስንጥቅ አስገብቶ ከዲናሞው ብሎን ላይ አስደገፈ፣ ዳዶውን ፈታ፣ የፊተኛውን ግማሽ አወጣና አዲሱን ቺንጋ አጠለቀ። ቺንጋው ከላላ ከመሃል አንድ ሮንዴላ ይቀነሳል፤ ግማሾቹ ይቀራረቡና ቺንጋውን ወደ ውጭ ገፍተው ይወጥሩታል። የተቀነሰው ሮንዴላም አይጣልም፣ ቺንጋው አርጅቶ በሚለወጥበት ቀን ስለሚያስፈልግ ከፑሌጃው ውጭ በዳዶው ሥር ይቀመጣል። ሁለት ሮንዴላ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ቺንጋው ጥቂት ብቻ ጎበጠ፤ «በቃ፣ አስነሳው» አለኝ። ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ስንጠብቅ ሐይቁን አየነው፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ሲያስቸግር የኖረ ውኃ ነው፣ ከወዲያው የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ ተዘርግቷል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ያደርንበት ቤት ባለቤት ግቢዋን ከፍታ መኪኖቹን ሁሉ አስገባችልን። አልጋው 700 ብር፣ ለሦስት ሰው የበቃው የፍየል ጥብስ 950 ብር ነበር፤ ሥጋው አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ከምናገኘው በጣም ይለሰልሳል። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ልጆቿን ይዛ ውጭ ያደረችባቸውን ሌሊቶች አጫወተችን። የጋሼን ቮልስ ዞር ዞር ብላ አይታ «ይቺ እኮ ከእኔ ትበልጣለች» አለች፤ ጠዋት ስንወጣም አልጋውን እንጂ የማደሪያውን ግቢ ሂሳብ አልቀበልም ብላ መለሰችልን።

ኅዳር 13፣ ከአዋሽ እስከ ጭሮ

አሰቦትንና ሚኤሶን በጠዋቱ ቅዝቃዜ አለፍን። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ቆላውን ትቶ ወደ ጭሮ ተራራ ይወጣል፤ ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚለው። በዳገቱ መካከል የእህታችን ቮልስ እያቃሰተች ቆመች። ከኋላዋ የከባድ መኪና ሰልፍ ስለነበረ ሁላችንም ደነገጥን፤ ረዳቶቹ ግን ወርደው ሳንጠይቃቸው ገፍተው ዳር አስያዙልን። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የቤንዚን ፓምፑ ሞተሩ ላይ የተገጠመ ስለሆነ፣ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ሲወጣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተናል፣ ፓምፑም እንፋሎቱን መግፋት ያቅተዋል። መካኒካችን ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጠቀለለው፤ ትንሽ ቆይታ ተነሳች። ከዚያ እስከ ጭሮ ድረስ እርጥብ ጨርቁን አላወረደችም።

ጭሮ ለማለፍ አስበን ነበር፤ ነዳጅ ያዘን። አንዱ ማደያ አልቋል፣ ሌላው ጋር ሰልፉ ከአስፋልቱ ዳር ዳር ሄዶ መታጠፊያውን አልፏል። በጀሪካን መቅዳት ስለማይፈቀድ እያንዳንዱ መኪና ራሱ መሰለፍ ነበረበት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተሰልፈን ተራችን የደረሰው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከዚያም የቴሌብር ኔትወርክ እስኪመለስ ቆምን። ያም ቢሆን ሰልፉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሁሉ መኪኖቹን ሊያዩ እየመጡ፣ ስለ አባቶቻቸው ቮልስ እየነገሩን አመሸን። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ተራውን ለጋሼ ልቀቅ ብሎ ተከራከረ፤ ጋሼ አመስግነው እንቢ አሉ። እንደ አዋሽ ያለ ሙቀት እዚህ የለም፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን አደርን፣ አልጋው 800 ብር።

ኅዳር 14፣ ከጭሮ እስከ ድሬዳዋ

ከጉዞው ሁሉ የሚያምረው መንገድ ይህ ነው። ከሂርና ጀምሮ የተራራውን ወገብ እየዞረ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ እርከን በእርከን የተተከለ ጫትና ማሽላ ነው። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የሐረሩ አሚር ጦሮች የተዋጉበትን ጨለንቆን ስንቃረብ የጋሼ መኪና መንተፍተፍ ጀመረች። እህታችን ከኋላ ሆና ስታይ ቆመች ብላ ነበር፤ ጋሼ ግን ከእግራቸው በላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በጫማቸው ጫፍ ገፉ፣ መኪናዋም ድምጿን አስተካክላ ቀጠለች። የነዳጅ መለኪያ ያልነበራቸው የድሮ ቮልሶች የነዳጅ ማስታወቂያቸው ይህ ነበር፤ ዋናው ሲያልቅ ማዞሪያዋ ለመጠባበቂያ የተቀመጠውን አምስት ሊትር ያህል ትለቃለች። ጋሼ ቀጣዩ ማደያ እስኪደርሱ ያንኑ ሲቆጥቡ ነዱ።

ቁልቢ ገብርኤል ወርደን ተሳለምን። በታኅሣሥ 19 እግር መጣያ የማይገኝበት ደብር በኅዳር ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ ቀርሳ፣ ከዚያ ደንገጎ። ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ ያለው ቁልቁለት አሳሳቢ ነበር፤ የእኛ ቮልሶች ፍሬን በአራቱም ጎማ ከበሮ ነው፣ መስመሩም አንድ ብቻ ስለሆነ ከፈላ ሁሉም አብሮ ይለቃል። ስለዚህ ከመውረዳችን በፊት ቆመን ፍሬኑን አቀዘቀዝን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰፊ ርቀት ጠብቀን፣ ፔዳሉን እየነካን እየለቀቅን ወረድን። ፊያቱ ብቻ ታች ሲደርስ የተቃጠለ ሽታ ነበረው፤ ባለቤቱ ግማሽ ሰዓት አቆመው።

ድሬዳዋ ስንገባ የባጃጅ ሹፌሮች አጀቡን። «አቦ! ይሄ ነገር ከየት ተነስቶ ነው የመጣው?» ይላሉ፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ጋሼን «አንተ» እያሉ ያዋራሉ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን በመጀመሪያ ይደነግጥበታል፣ ጋሼ ግን ደስ አላቸው። ማታ ከዚራ ዛፎች ሥር ተቀምጠን ፈጢራ በማር በላን፣ አንዱ 150 ብር ነው።

ኅዳር 15 እና 16፣ ከዚራ

በመጀመሪያው ጠዋት ጸብ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። እኛ ሌሊቱን መኪኖቹን አጥበን፣ ፓራውልቱንና ቸርኬውን አብርተን፣ ሰም ቀብተን ነው የመጣነው። የገጽታ ሥራውን የምትመራው ወጣት ግን አይታ አዘነች፤ «ከሙዚየም የወጡ ይመስላሉ፤ በ1958 እኮ እነዚህ ወደ ሥራ መሄጃ ነበሩ» አለችን። ነገሩ እውነት ነው። አንድ ረዳት ቡናማ ስፕሬይ ይዞ መጥቶ በእኔ ፓራፋንጎ ላይ ሊሞክር ሲል ግን አቆምነው፤ በኋላ ይታጠባል ቢለንም፣ አሮጌ ቀለም የሚጠጣውን ነገር አናውቅም። ውሉን አውጥተን ተነጋገርን። በመጨረሻ በወንፊት የተነፋ ደረቅ የሸክላ አፈር መጣ፣ በብሩሽና በትንፋሽ በጎማዎቹ ዙሪያና በበሮቹ ሥር ተበተነ። የሚያብለጨልጨው ብረት የካሜራውን መብራት እየመለሰ ስላስቸገረም ደረቅ የገላ ሳሙና አሹበት፤ ብርሃኑ ደነዘዘ፣ ማታም በእርጥብ ጨርቅ ለቀቀ። ይህን ዘዴ ለሌሎች አባላት ሁሉ እመክራለሁ።

ከዚያ የዘመናችንን ምልክት ማጥፋት ተጀመረ። ቦሎውና የኢንሹራንሱ ወረቀት ከመስታወቱ ተነስተው እጃችን ላይ ተቀመጡ፣ በኋላ የተገጠሙ ስፖኪዮዎች ተፈቱ፣ ለዘመኑ ተመስሎ የተሠራ ሰሌዳ በታርጋው ላይ ታሰረ። ይህ የሚደረገው መንገዱ ለቀረጻ በተዘጋበት ክልል ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ምሳ ለመብላት በዚያው ሰሌዳ ሊወጣ ሲል ጋሼ ከመኪናው አስወርደውታል፤ ትክክል አደረጉ።

ቀረጻው ራሱ በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ተነስቶ፣ በዛፎቹ መካከል አልፎ፣ ግራ መታጠፍ፤ ሲያልቅ ተመልሶ መጀመር። ፈረንሳዮች በዘረጉት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቹ ሰፊ በረንዳ ያላቸው፣ ዛፎቹም ጥላቸው ከዳር ዳር የሚገናኝ ነው። ቮልሶቹ በዚያ ጥላ ውስጥ ሲያልፉ ያየ ሰው ለምን ይህን ሁሉ መንገድ እንደመጣን አይጠይቅም። ባጃጅ ከሩቅ ሲጮህ ይቆማል፤ የተዋናዮቹ ንግግር ሲቀዳ ደግሞ ድምፅ ያዡ ሞተሩ እንዲጠፋ ይጠይቃል፣ መኪናው በሰው ጉልበት ይገፋል። የእህታችንን ቮልስ ስድስት ጎልማሶች ከካሜራው ውጭ ጎንበስ ብለው ሲገፉ፣ እሷ ውስጥ ተቀምጣ መሪውን ይዛ ቀጥ ብላ ታያለች። እንደገና ይባላል፣ እንደገና ይገፋል።

ዳይሬክተሩ የጋሼን መኪና ፍሬቻ ያየው በሁለተኛው ቀን ነው። ጋሼ ሳያስቡት፣ በልማድ፣ ከመታጠፋቸው በፊት መቀየሪያውን ነኩ፤ ከምሰሶው ውስጥ ብርቱካናማዋ ክንድ በርታ ተዘረጋች። ሁሉም ሰው ቆመ። ዳይሬክተሩ ያንን ብቻ በቅርብ ሊቀርጸው ፈልጎ ካሜራውን አስመጣ። የ6 ቮልቱ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ክንዷ አንዳንዴ ትነቃነቅና መልሳ ትተኛለች፤ ጋሼ ከውስጥ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ ሲያደርጉት ትወጣለች። በመጨረሻ የመዳፋቸውን ምትም ጨምሮ ቀረጸው። እኔ በበኩሌ ከፊልሙ ሁሉ ይህን ክፍል ለማየት ነው የምጓጓው፤ የዚያ ዘመን ሹፌር ከመኪናው ጋር የነበረው መግባባት ይህ ነበርና።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ የፔጆ 404 ተጨመረ። ባለቤቱ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የፈጁ ጡረተኛ ናቸው፤ መኪናቸው እንደ ልጅ የተያዘች አይደለችም፣ በየቀኑ ገበያ የምትሄድ ናት። አዘጋጆቹ የክለብ አባል ስላልሆኑ ለእሳቸው ከእኛ ክፍያ ግማሹን ብቻ አቀረቡ። ይህን ስንሰማ ዝም ማለት አልቻልንም። ያ ሰው መኪናውን ከእኛ በላይ ይሠራበታል፣ ቆሞ በሚውልበት ቀን የሚጎድልበትም ከእኛ ይበልጣል። ጋሼ ሁላችንንም ወክለው «እኩል ካልተከፈለ ከሰዓት አንንቀሳቀስም» አሉ። ምሳ ሳይበላ 4,000 ብሩ ተከፈለ። ሰውዬው ሁላችንንም ቤታቸው ወሰዱን፤ ባለቤታቸው ሩዝ በፍየል ሥጋና የሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡልን፣ ካልደገማችሁ አትወጡም አሉን። ማዕዱ ሲነሳ አባባ የእኔን ፑሌጃ ሊያዩ ወደ ግቢ ወጡ። ያለኝ ሮንዴላ አንዱ ጠርዙ የተበላ መሆኑን ባዩ ጊዜ ከቆርቆሮ ሳጥናቸው ቀጭን ብረት አውጥተው ቆረጡ፣ ሞረዱት፣ በጣታቸው እየለኩ አንድ አዲስ ሠሩልኝ። «አቦ፣ ሰባት ዓመት ትነዳበታለህ» አሉኝ። ገንዘብ ሊነካቸው አልፈለጉም።

ኅዳር 17፣ ሐረር

የመጨረሻው ትዕይንት በሐረር የጀጎል ግንብ ሥር፣ የ404ዋና የሁለት ቮልሶች መንገድ መገናኘት ነበር። የሐረር መንገድ ለፔጆ እንግዳ አይደለም፤ 404 ለረጅም ዓመታት የከተማዋ ታክሲ ሆና ኖራለች። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር ያሸነፈች መኪና ስለሆነች፣ እዚህ ኮረብታ ላይ እስከዛሬ መቆየቷ አያስገርምም። በግንቡ አጠገብ ያለው መንገድ ጠባብና ዳገታማ ስለሆነ፣ ከቆመበት ደጋግሞ መነሳት ፍሪሲዮን የሚፈጅ ሥራ ነው። የፊያቱ ባለቤት መኪናውን ለዚህ አላቀረበም፤ ዳይሬክተሩ ቢለምነውም ጋሼ ደገፉት። ባለቤት «አይሆንም» ሲል አይሆንም ማለት ነው፤ ይህም በውላችን የተጻፈ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀሮቻቸውን ደርድረው በሚሠሩበት በመኪና ግርግር መንገድ ተመላልሰን፣ ሆጃ ጠጣን፣ ሐለዋ ገዛን። ሆጃው 30 ብር ነበር፤ የቡና ገለባው ከወተት ጋር ሲፈላ የሚኖረው ጣዕም አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ቀይ ግንቡ ላይ ሲያርፍ ቀረጹ፣ ጨረሱ።

ከዚያ የመረካከቢያ ሥራ ተከተለ። መኪኖቹ ሲመጡ እያንዳንዱን ጎን በስልክ ፎቶ አንስተን ነበር፤ አሁን ፎቶውን ከመኪናው ጋር እያስተያየን ዞርን። በእህታችን ቮልስ በር ላይ የካሜራ እግር የነካው አንድ ጭረት ተገኘ፣ አንድ ጣት የሚያህል። አዘጋጆቹ አልተከራከሩም፤ ጥገናው አዲስ አበባ ተሠርቶ ደረሰኙ እንዲላክላቸው ፈረሙ።

ከተመለስን በኋላ

መመለሻው ያለ ችግር ስለነበረ እዘለዋለሁ፤ ነዳጁን ድሬዳዋ ሞልተን ተነስተን ነበር፣ ካቡራቶሮቹንም መካኒካችን አዳማ ላይ ወደ ነበሩበት መልሷቸዋል።

ክለባችን በሚቀጥለው እሑድ ተሰብስቦ የውሉን ጽሑፍ አሻሻለ። አቧራና ጭቃ ሲያስፈልግ የሚፈቀደው የተነፋ አፈር ብቻ እንዲሆን፤ ማናቸውም ስፕሬይ፣ የሚታጠብ ቢባልም፣ እንዳይነካ፤ ከርክክብ በፊትና በኋላ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ፎቶ እንዲነሳ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚሠራ ሥራ መካኒክ በአዘጋጆቹ ወጪ እንዲሄድ፤ በቀረጻው ቦታ ላይ ከክለቡ ውጭ መኪና የሚያዋስ ሰው ካለ ክፍያው ከአባላቱ እንዳያንስ። የመጨረሻውን አንቀጽ ያቀረበችው እህታችን ናት፤ ሁሉም እጁን አነሳ። ለድሬዳዋው አባባ የክለቡ የአባልነት ቅጽ ከአንድ የ404 ፍሪሲዮን ጋር ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ተልኮላቸዋል፤ ፍሪሲዮኑን እየተጠባበቁ ነበር።